ማርታ ሂውዝ ካነንና ቤተሰቧ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሞርሞን ሰፋሪዎቹ ልጅ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህ ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ማርታ ሂውዝ ካነን ማን ናት?

በአሜሪካ ታሪክ የክፍለ ግዛት ሴናተር ሆና የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የተመረጠችው በኖቬምበር 1896 ዩታ ውስጥ ነው። ያኔ አብዛኛዋ የአሜሪካ ሴት መመረጥ ቀርቶ መምረጥም አይፈቀድላትም ነበር። ከዚያ በፊት ሐኪም ነበረች። ሐኪም ከመሆኗ በፊት ማተሚያ ቤት ፊደል ትለቅም ነበር። ከሁሉም በፊት ግን በአራት ዓመቷ ሰፊውን ሜዳና ተራራ በበሬ ጋሪ ያቋረጠች የድሃ ስደተኛ ልጅ ናት።

ስሟ ሲነሳ ሰው ሁሉ ቶሎ ብሎ የሚያወራው ባሏን በምርጫ ስላሸነፈችበት ነገር ነው። እሱን ከታች እመጣበታለሁ። እኔን ግን የበለጠ የሚስበኝ ያደገችበት ቤት ነው። እናቷንና እንጀራ አባቷን ትቶ ታሪኳን የሚነግራችሁ ሰው ግማሹን ነው የነገራችሁ።

ሞርሞን ማለት ምን ማለት ነው? "ፓዮኒር" የሚባሉትስ?

ጆሴፍ ስሚዝ በ1830 ኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ውስጥ ባቋቋመው ቤተ ክርስቲያን የሚያምኑ ሰዎች ናቸው። ቅጽል ስማቸው የመጣው መጽሐፈ ሞርሞን ከሚባለው፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አብረው ከሚያነቡት መጽሐፋቸው ነው። ሙሉ ስሙ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ በሙሉ ስማቸው ቢጠሩ ይመርጣሉ። እዚህ ሞርሞን የምለው ለማሳጠር ብቻ ነው።

እነዚህ ሰዎች በሄዱበት አገር ሁሉ ከጎረቤት ጋር መስማማት አቃታቸው። በ1838 የሚዙሪ አገረ ገዥ ከግዛቱ አስወጣቸው። በ1844 ደግሞ ጆሴፍ ስሚዝ ኢሊኖይ ውስጥ እስር ቤት እያለ ሰብረው የገቡ ሰዎች ገደሉት። ብሪገም ያንግ የቀረውን ሕዝብ ይዞ ወደ ምዕራብ ነጎደ። የመጀመሪያዎቹ በጁላይ 1847 ሶልት ሌክ ሸለቆ ደረሱ። ጁላይ 24፣ በእኛ ሐምሌ 17፣ ዩታ ውስጥ እስከ ዛሬ በዓል ነው። እዚያ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ርችቱ አያስተኛም።

ፓዮኒር የሚሏቸው ከ1847 ጀምሮ በ1869 የባቡር ሐዲዱ እስኪገጠም ድረስ በእግርና በጋሪ የገቡትን ነው። 70,000 ገደማ ይሆናሉ። ማርታም ከነዚህ አንዷ ናት። የሰፋሪ ልጅ ብቻ አይደለችም፤ ራሷም ሰፋሪ ናት።

ቤተሰቧ ከየት ነው? አገራቸውን ለምን ለቀቁ?

ከዌልስ ናቸው። ማርታ የተወለደችው ጁላይ 1 ቀን 1857 ሰሜን ዌልስ፣ ላንዱድኖ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ነው። አባቷ ፒተር ሂውዝ፣ እናቷ ኤልሳቤጥ ኢቫንስ ይባላሉ። የሞርሞን ሰባኪዎች በዚያን ጊዜ እንግሊዝና ዌልስን ያዳርሱ ነበር፤ ብዙ ሺህ ሰው አሳምነዋል። ሂውዞችም ካመኑት መካከል ናቸው።

ያመነ ሰው ባለበት እንዲቀመጥ አይጠበቅም ነበር። ትምህርቱ ተሰብሰቡ ነው፤ ጽዮን የሚገነባው ተራራው ላይ ነው፣ ኑ። ስለዚህ በ1860 ከነልጆቻቸው ከሊቨርፑል በመርከብ ተነስተው ኒውዮርክ ገቡ። እዚያ ግን ጉዞው ቆመ። አቅም አልነበራቸውም፤ የፒተርም ጤና እየከዳው መጣ። ወደ ምዕራብ የተንቀሳቀሱት ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው፣ በ1861 ክረምት ነው። ስደት የቀመሰ ሰው ይቺን የመጠበቂያ ዓመት ያውቃታል። ከአገር ወጥተሃል፣ ያሰብክበት ግን አልደረስክም።

በጉዞው ላይ ምን ደረሰባቸው?

ሞርሞኖች ከሚዙሪ ወንዝ ዳር ተነስተው እስከ ሶልት ሌክ የሚጓዙት መንገድ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሬ ጋሪ ሲጎትት ከሰው እርምጃ አይፈጥንም። ቀኑን ሙሉ ተሂዶ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ከተገኘ ጥሩ ቀን ነው። ፊልም ላይ እንደሚታየው ሰው ጋሪ ላይ ተንደላቆ አይሄድም። ጋሪው የሚጭነው ዱቄት፣ ድስት፣ ብርድ ልብስና በሽተኛ ነው። እግር ያለው በእግሩ ይሄዳል፤ አቧራው ደግሞ ለኋለኛው ነው።

ሂውዞች ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው፤ ሜሪ፣ ማርታና ትንሿ አኒ። አኒ መንገድ ላይ ሞተች። በዚያ መንገድ የሞተ ሰው ይቀበርና ጋሪዎቹ በዚያው ቀን ይቀጥላሉ። እርም ለማውጣት፣ ሠልስትና ሰባት ለመቀመጥ ጊዜ የለም። ተኩላ እንዳያወጣው ብለው መቃብሩን በድንጋይ የሚጭኑ ነበሩ። ምልክት ሳይኖረው የቀረውም ብዙ ነው።

አባትየው ሴፕቴምበር 1861 ሶልት ሌክ ድረስ ዘለቀ። ግን የደረሰው ለመሞት ነው። በገባ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ኤልሳቤጥ በማታውቀው አገር፣ ያለ ዘመድ፣ ሁለት ልጆች ይዛ ቀረች። ማርታ በኋላ ሐኪም የመሆን ሐሳቧ የተጸነሰው ከዚህ ሞት ነው ይባላል። ከየት እንደተጸነሰ ልብ ውስጥ ገብቶ ማየት አይቻልም፤ ግን አራት ዓመት የሞላው ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር አይረሳም።

በእጅ ጋሪ ነው የመጡት?

አይደለም። ይህ የሚምታታው የእጅ ጋሪ ታሪክ በጣም ስለሚወራ ነው። ሰው ራሱ እየገፋና እየጎተተ የሚሄድባቸው ጋሪዎች ያገለገሉት ከ1856 እስከ 1860 ብቻ ነው። በጠቅላላው አሥር ቡድን፣ 3,000 ገደማ ሰው። በ1856 ዘግይተው የተነሱ ሁለት ቡድኖች ዋዮሚንግ ላይ በረዶ ይዟቸው ከ200 በላይ ሰው አልቆባቸዋል። ዝናው የመጣው ከዚያ ነው። ሂውዞች የመጡት በ1861 ሲሆን፣ የእጅ ጋሪው ያኔ ቀርቷል።

ስሟ አንዴ ሂውዝ፣ አንዴ ፖል፣ አንዴ ካነን የሚሆነው ለምንድን ነው?

እኛ ሴት ልጅ ብታገባም ባታገባም የአባቷን ስም ይዛ ስለምትኖር ይህ ነገር ያደናግረናል። ሂውዝ የወላጅ አባቷ ነው። ካነን የባሏ ነው። ፖል ደግሞ የእንጀራ አባቷ ነው። ማቲ የቤት ስሟ ነው፤ ሶልት ሌክ ውስጥ ብዙው ሰው የሚያውቃት በዚሁ ነው።

ፖልን ግን በስም ብቻ ማለፍ አልፈልግም። ኤልሳቤጥ ባሏ በሞተ በዓመት ከምናምን ጊዜ ውስጥ ጄምስ ፖል የሚባል አናጢ አገባች። እሱም ሚስቱ የሞተችበት፣ አራት ወንዶች ልጆች ያሉት ሰው ነበር። የሁለቱ ልጆች አንድ ላይ ሆኑ፤ ላዩ ላይ ሌሎች ተወለዱ። ቤቱ ሲሞላ አስቡት። እንጀራ አባት በተረት ሁሌ ክፉ ነው። ይሄኛው ግን የሟች ሰው ልጅን ተማሪ ብሎ ያበረታታ፣ ሐኪም እሆናለሁ ስትል ያልሳቀባት ሰው ነው። ልጅቱም ሳትገደድ ስሙን ወሰደች፤ ለዓመታት ማቲ ፖል ተብላ ኖራለች። ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ለሕክምና ትምህርት ገንዘቡን ከየት አመጣችው?

ፊደል ለቅማ። ማስተማር የጀመረችው በ14 ዓመቷ ነበር፤ ግን አልቀጠለችበትም። ደዘረት ኒውስ የሚባለው የሞርሞኖች ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ገባች። በኋላ በ1872 የሴቶች ጋዜጣ ሆኖ ለተጀመረው ዉመንስ ኤክስፖነንትም ሠርታለች።

ሥራው እንዲህ ነው። ፊት ለፊትህ በትናንሽ ክፍል የተከፋፈለ መሳቢያ አለ፤ በየክፍሉ አንዳንድ ፊደል ተቀርጾባቸው የተሠሩ የእርሳስ ብረቶች። በግራ እጅ ትንሽ የብረት መደርደሪያ ይዘህ በቀኝህ አንድ በአንድ እየለቀምክ ትደረድራለህ። ፊደሉ የተገላበጠ ነው። ዓይን ከመስተዋት ማንበብ መልመድ አለበት። አንድ አምድ ጋዜጣ ማለት በሺዎች የሚቆጠር ፊደል ነው። ቆመህ ነው የምትውለው። ማታ ጣትህ ጠቁሮ ወደ ቤት ትሄዳለህ። በኋላ ሴናተር ሆና ለሱቅ ሠራተኛ ሴቶች መቀመጫ እንዲቀርብ ሕግ ስታወጣ ይቺን ቀን ያስታወሰች ይመስለኛል።

ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የምትመላለሰው በእግሯ ስለነበር ጸጉሯን አሳጥራ ቆረጠች፤ የወንድ ቦት ጫማም አደረገች። በዚያ ዘመን ይህ ለመንደር ሰው የአንድ ሳምንት ወሬ ነው። እሷ ግን ፋሽን ፈልጋ አልነበረም፤ ጭቃውን አስባ ነው። በ1878 ከደዘረት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ጨርሳ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ገባች። እዚያም ያጠራቀመችው ስላልበቃት በምትኖርበት ፔንሲዮን ሰሃን እያጠበችና አልጋ እያነጠፈች ነው የተማረችው። ዲግሪዋን የተቀበለችው ጁላይ 1 ቀን 1880፣ ልክ 23 ዓመት በሞላት ቀን ነው። አልበቃትም። ፊላደልፊያ ሄዳ ከፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ በ1882 ሌላ ዲግሪ ጨመረች፤ በክፍሉ ውስጥ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ጎን ለጎን የንግግር ጥበብ ትምህርት ቤትም ተምራለች። ሐኪም ንግግር ምን ያደርግላታል የሚል ካለ መልሱ 1896 ላይ ይመጣል።

ሃይማኖቱ ሴት ሐኪም እንድትሆን ይፈቅድ ነበር?

ይፈቅድ ብቻ አይደለም፣ ይገፋፋ ነበር። ብሪገም ያንግ በ1870ዎቹ ሴቶች ሕክምና እንዲማሩ በአደባባይ መከረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አገሩ ሩቅ ነው፣ ሰው ብዙ ይወልዳል፣ ሴቶች ደግሞ በወሊድ ይሞታሉ። ከውጭ የሚመጣ ሐኪም ላይም እምነት አልነበረውም። ሮማንያ ፕራትና ኤሊስ ሺፕ ከማርታ በፊት ምሥራቅ አሜሪካ ሄደው ተምረው ተመልሰዋል፤ ሁለቱም ልጆቻቸውን ቤት ትተው ነው የሄዱት። ማርታ ስትመለስ ደግሞ በ1882 የሴቶቹ ማኅበር የከፈተው ደዘረት ሆስፒታል ጠበቃት፤ ነዋሪ ሐኪም ሆና ተቀጠረች።

ስለዚህ "በወግ አጥባቂ ሃይማኖት ውስጥ ሆና ተዋግታ ሐኪም ሆነች" የሚለው ታሪክ ልክ አይደለም። ምርቃት ተቀብላ፣ ተልካ ነው የሄደችው።

እንዲህ የተማረች ሴት አራተኛ ሚስት ሆና ለምን ገባች?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ የለም። አንገስ ካነን ሊቨርፑል የተወለደ፣ በ23 ዓመት የሚበልጣት፣ የሶልት ሌክ አካባቢ ምእመናን አስተዳዳሪና የሆስፒታሉ ቦርድ አባል ነበር። ወንድሙ ጆርጅ ካነን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍተኛ መሪዎች አንዱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሚስቶቹ እኅትማማቾች ናቸው፤ በአንድ ቀን ነው ያገባቸው። ማርታ ኦክቶበር 6 ቀን 1884 ስታገባው አራተኛ ሆነች። ከሷ በኋላ ሁለት ጨመረ። በጠቅላላው ስድስት ጣውንት።

ማንም አላስገደዳትም። ደመወዝ ነበራት፣ ሙያ ነበራት። የተማረ ሰው ሁሉ እኛ እንደምናስበው ያስባል ብለን ስለምንጀምር ነው ነገሩ የሚከብደን። እሷ ይህ ጋብቻ የፈጣሪ ትእዛዝ ነው ብላ ታምን ነበር። ሰውየውንም ወዳዋለች፤ ደብዳቤዎቿ ይመሰክራሉ። የሚገርመው ጊዜው ነው። ከአንድ በላይ ሚስት ጋር መኖርን በእስር የሚያስቀጣው የኤድመንድስ ሕግ በ1882 ወጥቷል። ሠርጉ የተደረገው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በምስጢር ነው። ምን ውስጥ እንደምትገባ አሳምራ ታውቅ ነበር።

ለምን ወደ እንግሊዝ ተሰደደች?

በሁለት በኩል ተፈላጊ ስለሆነች። አንደኛው የራሷ ጋብቻ ነው። አንገስ በ1885 ተፈርዶበት ታሰረ። የመጀመሪያ ልጃቸው ኤልሳቤጥ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ስትወለድ አባቷ ወህኒ ነበር። ያቺ ሕፃን ደግሞ በሕግ ዓይን ማስረጃ ናት።

ሁለተኛው ሙያዋ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ሚስቶችን ያዋለደችው ማን ናት? እሷ። ዐቃቤ ሕጉ ምስክር ወንበር ላይ ቢያስቀምጣት "የማን ልጅ ነው?" ብሎ ይጠይቃታል። እውነቱን ከተናገረች አባት ይታሰራል፤ ብዙ ልጅ ያለ አሳዳሪ ይቀራል። ይህ እንደከበዳት ለሚሺጋን የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጽፋላታለች። አገሯ ተደብቃ ከምትኖር በሰው አገር እንግዳ ሆና አንገቷን ቀና ብታደርግ እንደምትመርጥም ነግራታለች።

በ1886 ሕፃኗን አዝላ ወጣች። ሁለት ዓመት ያህል በአብዛኛው እንግሊዝ ውስጥ፣ በሐሰት ስም፣ ከቤት ቤት እየተዘዋወረች ኖረች። ደብዳቤው ቢያዝ እንዳይገባቸው ለባሏም በሌላ ስም ነበር የምትጽፈው። እናቷ በ1860 ከሊቨርፑል ተነስታ በሃይማኖቷ ምክንያት ወደ ዩታ ሄደች። ልጅቱ በዚያው ሃይማኖት ምክንያት ከዩታ ሸሽታ ወደዚያው ደሴት ተመለሰች። ከተመለሰች በኋላ ሥራዋን ቀጠለች፤ ነርሶችም አሠለጠነች። ልጇ ጄምስ የተወለደው በ1890 ነው።

በእርግጥ ባሏን በምርጫ አሸንፋለች?

አዎ፣ ግን ሰው እንደሚያስበው አንድ ለአንድ ተፋጠው አይደለም። የዩታ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በ1870 ነበር። በ1887 ኮንግረስ ነጠቃቸው፤ በ1896 ዩታ ክፍለ ግዛት ስትሆን መለሱት። በዚያው ዓመት ምርጫ ከሶልት ሌክ አካባቢ አምስት ሴናተሮች ይመረጡ ነበር። ዴሞክራቶቹ አምስት ሰው አቀረቡ፤ አንዷ ማርታ ናት። ሪፐብሊካኖቹም አምስት አቀረቡ፤ አንዱ አንገስ ነው። የማርታ የረጅም ጊዜ ወዳጅና የሴቶች መብት ታጋይ ኤመሊን ዌልስም በሪፐብሊካኖቹ በኩል ነበረች። አምስቱም ዴሞክራቶች አለፉ። ስለዚህ ማርታ ያሸነፈችው ባሏን ብቻ አይደለም፤ ጓደኛዋንም ጭምር ነው።

ጋዜጦቹ ግን ባልና ሚስቱን አልለቀቁም። አንዱ የዴሞክራት ጋዜጣ ከሁለቱ የተሻለው ወንድ ሚስትየዋ ናት፤ እሷን ወደ ሴኔት ላኩ፣ እሱ ቤት ይቀመጥ ብሎ ቀለደ። ቤት ውስጥ ምን ተባባሉ? ይህ ሁሉም የሚጠይቀው ነው፤ ለጋዜጣ ግን አልነገሩም።

ሴናተር ሆና ምን ሠራች?

ሐኪም ሐኪም የሚሸት ሥራ። የክፍለ ግዛቱ ጤና ቦርድ የተቋቋመው በሷ ሕግ ነው፤ አባልም ሆነች። መስማት፣ መናገርና ማየት የተሳናቸው ልጆች የግድ እንዲማሩ የሚያደርግ ሕግ አወጣች። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ለሚሠሩ ሴቶች አሠሪው መቀመጫ እንዲያቀርብ የሚያዝ ነው። ትንሽ ነገር የሚመስለው ሱቅ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ላልዋለ ሰው ነው።

በ1898 ዋሽንግተን ሄዳም ስለ ሴቶች የመምረጥ መብት በኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ተናግራለች።

ብዙ ሚስት ማግባትን ትደግፍ ነበር ወይስ ትቃወም?

በአደባባይ ትደግፍ ነበር። ከምርጫው በኋላ አንድ የካሊፎርኒያ ጋዜጠኛ ሲጠይቃት፣ ባሏ አራት ሚስት ያለው ሴት በወር ውስጥ ሦስት ሳምንት ነፃነት አላት ብላ መልሳለታለች። ቀልድ አለበት፣ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ቤት ተቀምጣ ባል ስትጠብቅ የምትውል ሴት አልነበረችም። ሥራ አላት፣ ታካሚ አላት።

ደብዳቤዎቿ ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። እንግሊዝ እያለች ብቸኝነቱ፣ ቅናቱ፣ ባል እያለ ባል እንደሌላት መሆኑ ይወጣታል። ሁለቱ አይጋጩም። ሰው ለእንግዳ የሚናገረውና ሌሊት ብቻውን የሚጽፈው አንድ አይደለም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መዝዘው "የነፃነት ምልክት" ወይም "የተጨቆነች ሴት" የሚሏት ሰዎች ሌላውን ወረቀት ያላነበቡ ናቸው።

ፖለቲካውን ለምን ተወችው?

ስለወለደች። ቤተ ክርስቲያኑ በሴፕቴምበር 1890 አዲስ የብዙ ሚስት ጋብቻ እንደማይፈቅድ አውጇል። ዩታ ክፍለ ግዛት የሆነችውም ይህን ተማምና ነው። ከዚያ በፊት የተጋቡትስ ይለያዩ ወይስ አብረው ይኑሩ? ብዙዎች ዝም ብለው አብረው ቀጠሉ። ሌላውም ዝም አለ።

ነፍሰ ጡር ሴናተር ግን አትደበቅም። ሦስተኛ ልጃቸው ግዌንዶሊን በኤፕሪል 1899፣ የማርታ የሥራ ዘመን ሳያልቅ ተወለደች። ልጅቱ አዋጁ ወረቀት ላይ እንደቀረ የምታሳይ ሕያው ማስረጃ ሆነች። ወሬው አገር አዳረሰ፤ አንገስም እንደገና ተከሰሰ። ማርታ ዳግመኛ አልተወዳደረችም። አንገስ በ1915 ሞተ። እሷ ወደ ኋላ ላይ ልጆቿ ወዳሉበት ሎስ አንጀለስ ሄደች፤ እዚያም በሙያዋ ሠርታለች። ያረፈችው ጁላይ 10 ቀን 1932 ነው። የተቀበረችው ሶልት ሌክ ነው።

ሰፋሪዎቹ የገቡበት መሬት የማን ነበር?

ባዶ አልነበረም። የሾሾኒ፣ የዩትና የጎሹት ሕዝቦች አገር ነው። ዩታ የሚለው ስምም የመጣው ከዩት ነው። ሰፋሪው በብዛት የያዘው ውኃ ያለበትን ሸለቆ ነው። ውኃ ያለበት ሸለቆ ደግሞ የነሱም ምግብ ያለበት ቦታ ነው። የሂውዝ ቤተሰብ በገባ በወሩ፣ ኦክቶበር 1861፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን ዩቶቹ የሚከለሉበትን የዩዊንታ መሬት ወሰነ። በጃንዋሪ 1863 ደግሞ የመንግሥት ወታደሮች ቤር ወንዝ ዳር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሾሾኒዎችን፣ ሴትና ሕፃን ሳይለዩ፣ ጨፈጨፉ።

የአራት ዓመት ልጅን ማንም አይወቅስም። ግን የዩታ ሴቶች ቀድመው መረጡ ሲባል አብሮ መነገር ያለበት አለ፤ በተከለለላቸው መሬት ላይ የሚኖሩ የዩታ ነባር ሕዝቦች በክፍለ ግዛቱ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ የተፈቀደው በ1957 ነው። ማርታ ከሞተች 25 ዓመት በኋላ።

ዋሽንግተን ያለው ሐውልት የሷ ነው? ማስታወሻ ደብተሮቿስ የት አሉ?

ሐውልቱ የሷ ነው። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ለኮንግረስ ሕንፃ ሁለት ሐውልት ይሰጣል። ከዩታ አንዱ ብሪገም ያንግ ነው። ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ የቴሌቪዥን ፈልሳፊው ፋይሎ ፋርንስወርዝ ነበር፤ እሱን አንስተው በዲሴምበር 2024 ማርታን አቆሙ። ሴቶች ሕክምና ይማሩ ያለው ሰውና የተማረችው ሴት አሁን አንድ ግዛት ወክለው አንድ ሕንፃ ውስጥ ናቸው።

ደብተሮቿ ግን የሉም። ዕድሜዋን ሙሉ የጻፈቻቸውን ልጇ እንዲያቃጥልላት ጠይቃው ነበር። ጄምስም እናቱን ታዘዘ። ዛሬ የምናነበው ደብዳቤዎቿን ነው፤ እነሱም የተረፉት ከሷ እጅ ስለወጡ ብቻ ነው።